የድሮ ሙስታንግ የፊት እግር፦ ምን ይቀየር? ምንስ ይቅደም?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ስለ መኪና የምናወጋበት ዝግጅታችን እነሆ ጀመረ። የዛሬው ርእሳችን የፊት እግር ነው። ሞላው፣ አሞርዛተሩ፣ ብራቾው፣ ቦል ጆይንቱ፣ ጎሚኒውና ስታቢላይዘሩ ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። መኪናዋ ደግሞ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተሠርታ ዛሬም የሰው ዓይን የምትስበው ፎርድ ሙስታንግ ናት። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ሰሜን አሜሪካ ከምትኖሩት አድማጮች መካከል እንዲህ ያለች መኪና ጋራዥ ውስጥ ያቆማችሁ፣ ወይም ለመግዛት የምታስቡ አትጠፉም። አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታዳምጡን የጋራዥ ባለሙያዎችም አብራችሁን ቆዩ፤ የምናነሳው ነገር አብዛኛው እጃችሁ ላይ ለሚመጣ መኪና ሁሉ ይሠራል።

ዋናውን ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የፊት እግር ማሻሻል ሲባል የብዙ ሰው ልብ የሚሄደው ወደ ዕቃው ነው፤ የትኛው ሞላ፣ የትኛው አሞርዛተር፣ የማን ፋብሪካ ሥራ እያለ ይጠይቃል። ቁም ነገሩ ግን ጎማው አስፋልቱን የሚረግጥበት አቀማመጥ ነው። መኪናዋ ስትታጠፍ፣ ፍሬን ሲያዝ፣ ጉድጓድ ስትገባ ጎማው ቀጥ ብሎ በሙሉ ደረቱ ከረገጠ መንገድ ይይዛል፤ ካልረገጠ አይዝም። የምትገዙት ዕቃ ይህን ካላሻሻለ ኮፈን ስትከፍቱ የምታሳዩት ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

መኪናዋን እንወቃት። ፎርድ ሙስታንግን ለሕዝብ ያስተዋወቃት ኤፕሪል 17 ቀን 1964 ኒውዮርክ ላይ በተካሄደው የዓለም ትርኢት ነበር። መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። ዋጋው እንዲህ ሊቀንስ የቻለው ከሚያምረው ቆርቆሮ ሥር ያለው አካል አዲስ ስላልነበረ ነው። ፎርድ ፋልከን የምትባል፣ ከ1960 ሞዴል ጀምሮ ስትሠራ የቆየች ቆጣቢ የቤተሰብ መኪና ነበረች፤ የሙስታንግ እግርና ሻንሲ በአብዛኛው ከእሷ የተወሰደ ነው። በዚያው በ1964 ሞዴል ዓመት ፖንቲያክ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር መካከለኛ መኪና ውስጥ አስገብቶ ጂቲኦን አወጣ፤ የማስል ካር ዘመን የሚባለውም በእሷ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ፉክክሩ ሞተር በማሳደግ ሆነ። ሙስታንግም ብትሆን በ1967 ሞዴሏ 390 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ተሸከመች።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይነሳል። እግሩ የተነደፈው ለቤተሰብ መኪና፣ ለለስላሳ ጉዞና ለዚያን ጊዜ ጎማ ነው። የያኔው ጎማ እንደ ዛሬው ራዲያል አልነበረም፤ ውስጡ ያሉት ክሮች ሰያፍ ሆነው የተጠላለፉ፣ ጎኑ ደረቅ፣ ደረቱ ጠባብ ነበር። ባለ ስድስት ሲሊንደሯ ሙስታንግ መጀመሪያ ላይ 13 ኢንች ቸርኬ ነበር የምታደርገው። ዛሬ ያው መኪና ላይ ሰፊ ራዲያል ጎማ አስገብቶ በፍጥነት መንገድ የሚነዳ ሰው፣ እግሩ ያልተሠራበትን ሥራ እየጠየቀው ነው።

አሁን ኮፈኑን ክፈቱና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ሞተሩ ግራና ቀኝ ሁለት ግንብ የመሰሉ የብረት ቤቶች ታያላችሁ። ሞላው የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ መኪኖች ላይ ሞላው የታችኛውን ብራቾ ሲጫን፣ ሙስታንግ ላይ የሚጫነው የላይኛውን ነው፤ አናቱ ደግሞ የግንቡን ጣሪያ ይገፋል። አሞርዛተሩ በሞላው መካከል ያልፋል። የታችኛው ብራቾ ቀጭን ነው፤ ወደ ውስጥ በአንድ ቡሎን ብቻ ይታሰራል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዘው ወደ ፊት ተዘርግቶ ጫፉ ላይ በጎሚኒ የታሰረ ዘንግ ነው። መኪናዋ ለብቻው የሚፈታ ሻንሲ የላትም፤ አካሏና ሻንሲዋ አንድ ላይ የተበየደ ነው። ስለዚህ የፊቱን ክብደት ተሸክሞ የሚኖረው ያ የብረት ግንብ ነው። ይህን አትርሱብኝ፤ መጨረሻ ላይ ብየዳና መቁረጥ ስናነሳ እንመለስበታለን።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

ቀጥሎ ሦስት ቃላት እንያዝ፦ ካምበር፣ ካስተርና ቶ። ጋራዥ አላይመንት ስታሠሩ ማሽኑ ላይ የምታዩዋቸው ናቸው።

ካምበር ማለት መኪናዋን ከፊት ለፊት ስታዩዋት ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነበለበት መጠን ነው። አናቱ ወደ ሞተሩ ካጋደለ ኔጌቲቭ፣ ወደ ውጭ ካጋደለ ፖዘቲቭ እንለዋለን። ካስተር ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያዘነበለበት ነው፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ ራሱ ወደ ቀጥታው እንዲመለስና መኪናዋ በፍጥነት ስትሄድ እንዳትንቀዋለል የሚያደርገው እሱ ነው። ቶ ደግሞ ከላይ ሲታዩ የሁለቱ ጎማዎች አፍንጫ ወደ ውስጥ መግባቱ ወይም ወደ ውጭ መውጣቱ ነው።

ሙስታንግ ወደ ግራ ስትታጠፍ አካሏ ወደ ቀኝ ይጋደላል። ክብደቱ በውጭ በኩል ባለው፣ ማለትም በቀኙ ጎማ ላይ ይወድቃል። ኩርባውን ይዞ የሚያዞራት እንግዲህ እሱ ነው። ፋብሪካው ባስቀመጠው የላይኛ ብራቾ አቀማመጥ ግን አካሉ ሲጋደል የዚያ ጎማ አናትም ወደ ውጭ አብሮ ይጋደላል። ጎማው ጫማውን አንጋዶ እንደሚረግጥ ሰው በውጭ ጠርዙ ብቻ ይረግጣል፤ የቀረው ደረቱ ሥራ ይፈታል። መሪውን እያዞራችሁ አፍንጫዋ አልታዘዝ ብሎ ወደ ፊት የሚንሸራተተው፣ የጎማው የውጭ ጠርዝም ቀድሞ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ የተገኘው እዚያው ፎርድ ውስጥ ነው። ክላውስ አርኒንግ የሚባል የፎርድ መሐንዲስ የላይኛው ብራቾ የሚታሰርበት ቦታ ዝቅ ቢል፣ እግሩ ወደ ላይ ሲታጠፍ ጎማው ኔጌቲቭ ካምበር እያገኘ እንደሚሄድ አሳየ። አካሉ ጎማውን ወደ ውጭ ሲያጋድለው የብራቾው እንቅስቃሴ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል ማለት ነው። የውድድር መኪና ሠሪው ካሮል ሼልቢ በ1965 ጂቲ 350 የተባለችውን ሙስታንግ ሲሠራ ይህን ሐሳብ ወሰደ። የብራቾው ቡሎኖች የሚገቡባቸው ሁለት ቀዳዳዎች በየጎኑ አንድ ኢንች ዝቅ ብለው እንደገና ተበሱ፤ የ1 ኢንች ስታቢላይዘር ገባ፤ ኮኒ አሞርዛተር ታሰረ። የመኪና ተወዳዳሪው ኬን ማይልስ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1965 ቴክሳስ ውስጥ ግሪን ቫሊ ላይ መኪናዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አወዳድሮ አሸነፈ። ጂቲ 350 በአሜሪካው የስፖርት መኪና ክለብ ውድድር የቢ ፕሮዳክሽን ምድብን ሻምፒዮንነት በ1965፣ በ1966 እና በ1967 ወሰደች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ሥራ አዲስ ብራቾ አላስገዛም። የፋብሪካው ብራቾ ራሱ በሌላ ቀዳዳ ታሰረ፤ ዋጋው የመሰርሰሪያ ዋጋ ነው። ዛሬም የድሮ ሙስታንግ ያላቸው ሰዎች ከሚሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ በወጪው ልክ ሲመዘን ይህን ያህል የሚክስ የለም። የቀዳዳውን ቦታ በትክክል የሚያሳይ የብረት ቅርጽ ማስመሪያ ይሸጣል፤ እሱን አስሮ መብሳት ነው። መኪናዋም ከግማሽ ኢንች ትንሽ በላይ ዝቅ ትላለች።

ታዲያ አንድ ኢንች እንዲህ ከጠቀመ ሁለት ኢንች ይበልጥ ይጠቅማል ብሎ የሚያስብ አለ። አይሆንም። ብራቾው ከዚያ በላይ ሲወርድ የላይኛው ቦል ጆይንት ማጋደል ከሚችለው በላይ ይጋደልና ይያዛል፤ እንደተያዘ ከተጫነ ይሰበራል። ከአንድ ኢንች በላይ ለሚያወርድ ሰው የቦል ጆይንቱን መቀመጫ አንግል የሚያስተካክል ሽብልቅ አብሮ መግባት ግድ ነው።

(ሙዚቃ)

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ መኪናዋ ለምን ትፈለጋለች የሚለው ነው። እሑድ ከሰዓት ቤተሰብ ይዞ ለመንሸራሸር ነው? በፍጥነት መንገድ ሩቅ ለመሄድ? ወይስ ውድድር ሜዳ ገብቶ ለመሞከር? መልሱን ለራሳችሁ ሳትዋሹ መልሱ። ለውድድር ሜዳ የተሠራ እግር ሰፈር ውስጥ ሲነዳ ወገብ ይሰብራል፤ መንዳቱም ያስጠላል።

ሁለተኛው ሥራ ምርመራ ነው። አዲስ ዕቃ በተበላ አካል ላይ አይታሰርም። ግንቦቹን በደንብ አጽዱና መብራት አብርታችሁ ዙሪያቸውን እዩ፤ ዝገት፣ ስንጥቅ፣ የተላቀቀ ብየዳ ካለ ከሞላና ከአሞርዛተር በፊት ገንዘቡ እዚያ ይውላል። ዘመን ሲቆጠር ሁለቱ ግንቦች አናታቸው ወደ ሞተሩ የመጠጋት ጠባይም አላቸው። ፎርድ ወደ ውጭ አገር ለሚልካቸው መኪኖች ግንቦቹን ከኋላው የብረት ግድግዳ ጋር አጠንክሮ የሚያያይዝ ማሰሪያ ነበረው፤ ኤክስፖርት ብሬስ ይባላል። ከግራ ግንብ ወደ ቀኝ ግንብ በሞተሩ ላይ የሚያልፈው ቀጥ ያለ ብረት ደግሞ ሞንቴ ካርሎ ባር ይባላል። ሁለቱም በጥቂት ቡሎን የሚታሰሩ፣ ያለ ብየዳ የሚገቡ ናቸው። ብረቱ አልገባም ካላችሁ ግንቦቹ ከቦታቸው መነቃነቃቸውን ነገራችሁ ማለት ነው፤ አስገድዳችሁ አትሰሩት፤ አስለኩት።

ቦል ጆይንቱ መላላቱን ስትመረምሩ ክሪኩን የት እንደምታስገቡ ተጠንቀቁ። ሞላው የታችኛው ብራቾ ላይ በተቀመጠባቸው መኪኖች ክሪኩ ከታችኛው ብራቾ ሥር ይገባል። ሙስታንግ ላይ ግን ሞላው የሚጫነው የላይኛውን ነውና፣ በላይኛው ብራቾና በአካሉ መካከል እንጨት አስገብታችሁ መኪናዋን ከሻንሲዋ ታነሳላችሁ። እንዲህ ካላደረጋችሁ ሞላው ቦል ጆይንቱን እንደጨቆነው ስለሚቆይ፣ የተበላው ደህና መስሎ ያልፋችኋል።

ባለ ስድስት ሲሊንደር ሙስታንግ ያላችሁ ደግሞ ቸርኬያችሁን እዩ፤ አራት ቡሎን ካለው ስፒንድሉ፣ ማለትም ቸርኬው የሚቀመጥበት ዘንግ፣ የቀላሏ መኪና ነው። ባለ ቪ 8 ሞተሮቹ አምስት ቡሎንና ጠንካራ ስፒንድል አላቸው። ትልቅ ፍሬን፣ ሰፊ ጎማ፣ ጠንካራ እግር የምታስቡ ከሆነ መጀመሪያ የሚለወጠው እሱ ነው። የፊቱ ፍሬን አሁንም የታምቡር ከሆነም ወደ ዲስክ መለወጡ ከዚሁ ሥራ ጋር አብሮ ቢሄድ አንድ ጊዜ ፈትቶ አንድ ጊዜ መግጠም ይሆናል።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

ምርመራው አልቆ የተበላው ከተተካ በኋላ የመጀመሪያው ማሻሻያ ያልነው የብራቾ ማውረድና አላይመንት ነው። የፋብሪካው መመሪያ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለያኔው ጎማ የተጻፈ ነው። ዛሬ ራዲያል ጎማ ላይ ለመንገድ የምትነዳ ሙስታንግ ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ኔጌቲቭ ካምበር፣ መሪው ፓወር ከሆነ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ፖዘቲቭ ካስተር፣ ቶ ደግሞ ወደ ውስጥ 3 ሚሊሜትር ገደማ ቢሰጣት ሌላ መኪና ትሆናለች። ፓወር ስቲሪንግ የሌላት ከሆነች ካስተሩን ቀነስ አድርጉት፤ ካስተር በበዛ ቁጥር መኪና ማቆሚያ ውስጥ መሪው ይከብዳል። የ1965 እና የ1966 ሙስታንግ ካምበርና ካስተር የሚስተካከለው በላይኛው ብራቾና በግንቡ መካከል በሚገቡ ስስ የብረት ቁርጥራጮች ነው፤ ሺም ይባላሉ። ከ1967 ጀምሮ ግን ካምበሩ በታችኛው ብራቾ ቡሎን፣ ካስተሩ ደግሞ ወደ ፊት በተዘረጋው ዘንግ ዳዶ ይስተካከላል። አላይመንት የሚሠራላችሁ ሰው ይህን ካላወቀ ኮምፒውተሩ ፋብሪካው የጻፈውን ቁጥር አረንጓዴ አድርጎ ያሳየውና «አልቋል» ይላችኋል። የምትፈልጉትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ ሞላና አሞርዛተር። የሞላ ጥንካሬ የሚለካው አንድ ኢንች ለመጨመቅ በሚያስፈልገው ኃይል ነው። ለሙስታንግ በብዛት ከሚሸጡት ማሻሻያ ሞላዎች አንዱ በአንድ ኢንች 600 ፓውንድ ገደማ የሚፈልግ ነው። ቁጥሩን ሰምታችሁ አትደንግጡ፤ ሌላ መኪና ላይ ካለው ሞላ ጋርም አታወዳድሩት። ሞላው ብራቾው መካከል አካባቢ ስለተቀመጠ ጎማው ሁለት ኢንች ሲነሳ ሞላው የሚጨመቀው አንድ ኢንች ያህል ነው። ስሌቱ የሚሠራው ደግሞ ግማሹን ሁለት ጊዜ በማባዛት ነው፤ 600 ሲባዛ በግማሽ፣ እንደገና ሲባዛ በግማሽ፣ 150 ይሆናል። ጎማው ላይ የሚሰማው ጥንካሬ እንግዲህ በኢንች 150 ፓውንድ ነው። ሞላው በቀጥታ ጎማው አጠገብ የተቀመጠበት መኪና ላይ ያው 600 ቢገባ ጋሪ ይሆንባችኋል። ሞላ ስትገዙ የሻጩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የት እንደሚቀመጥም ጠይቁ የምላችሁ ለዚህ ነው።

መኪናዋን ዝቅ ለማድረግ የቆየውን ሞላ በመቁረጫ ድንጋይ መቁረጥ የተለመደ ነው። ሞላ ሲቆረጥ ይጠነክራል፤ ቁመቱም ይቀንሳል፤ ግን ምን ያህል እንደጠነከረ ማንም አያውቀውም፤ ግራና ቀኙም እኩል ላይሆን ይችላል። በልኩ ተሠርቶ የሚሸጥ አለና ራሳችሁን አታድክሙ። አሞርዛተሩ ከሞላው ጋር ይመረጥ። ጠንካራ ሞላ ላይ የደከመ አሞርዛተር ከታሰረ መኪናዋ ከእያንዳንዱ ጉብታ በኋላ ትዘላለች፤ ለስላሳ ሞላ ላይ ደረቅ አሞርዛተር ከታሰረ ደግሞ እያንዳንዱን ጠጠር ትቆጥራላችሁ።

ሙስታንግ ላይ የሚገኝ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። ሞላው በቀጥታ ብራቾው ላይ አይቀመጥም፤ በመካከል የሚወዛወዝ መቀመጫ አለው። የፋብሪካው መቀመጫ ውስጡ ጎሚኒ ነው፤ ብራቾው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጎሚኒው ይጠመዘዛል፤ ሲያረጅ ይቆነጥጣል፤ ይንቋቋል። ጎሚኒው በኩሽኔታ የተተካበት መቀመጫ ሲገባ እግሩ ሳይያዝ ይንቀሳቀሳል፤ ጉዞውም ይለሰልሳል። ብዙ ሰው «ሞላው ደረቀብኝ» ብሎ የሚያማርረው፣ ጥፋቱ የዚህ መቀመጫ ሆኖ ሳለ ነው።

ስታቢላይዘርን በተመለከተ አንድ የሒሳብ ሕግ ያዙ። የብረቱ የመጠምዘዝ ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ነው። 17 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ውፍረት ያለውን ብረት አውጥታችሁ የ25 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ፣ ማለትም የ1 ኢንች ብታስገቡ፣ ውፍረቱ አንድ ተኩል ጊዜ እንኳ አላደገም፤ ጥንካሬው ግን አራት ጊዜ ተኩል ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከ1 ኢንች በላይ ከማሰባችሁ በፊት ቆም በሉ። በመጽሐፉ ሕግ ከሄድን የፊት ስታቢላይዘር ሲወፍር የፊት ጎማ ኩርባ ላይ የሚይዘው ይቀንሳል። የድሮ ሙስታንግ ላይ ግን መጠነኛ ውፍረት ይረዳል፤ አካሉ ያን ያህል ስለማይጋደል ጎማው በደረቱ እንዲረግጥ ያግዘዋልና። ካለልክ ሲወፍር መጽሐፉ ያለው ይደርሳል።

ጎሚኒ ላይም ምክር አለኝ። ፖሊዩረቴን የሚባለው ደረቅ ጎሚኒ ብዙ ቦታ ጥሩ ነው። ወደ ፊት በተዘረጋው የታችኛ ዘንግ ጫፍ ላይ ግን አታስገቡት። ዘንጉ እግሩ ሲንቀሳቀስ ጫፉ ማጋደል አለበት፤ ደረቁ ጎሚኒ አላጋድልም ሲለው ብረቱ ራሱ ይታጠፋል፤ ሲመላለስበት ይሰበራል። እዚያ ቦታ የጎማ ጎሚኒ ወይም ኳስ መገጣጠሚያ ያለው ዘንግ ይሁን። የጎማ ጎሚኒ ያለበትን ቡሎን ሁሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ የምታጠብቁት መኪናዋ በአራት እግሯ መሬት ቆማ ነው። አየር ላይ እንደተንጠለጠለች ካጠበቃችሁት፣ መሬት ስትወርድ ጎሚኒው ገና ከመጀመሪያው ተጠምዝዞ ይኖራል፤ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል።

(ሙዚቃ)

አሁን ትልቁ ጥያቄ ላይ ደረስን፤ ሙሉ የፊት እግር መለወጥ።

አንደኛው መንገድ ግንቦቹን ሳይነኩ ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ የተሠራበትን ኮይልኦቨር ማስገባት ነው። ቁመቱ ይስተካከላል፤ ቡሎን ተፈትቶ ቡሎን ይታሰራል፤ ቢያስፈልግ ወደ ድሮው ይመለሳል። ሁለተኛው መንገድ የሙስታንግ ቱ እግር የሚባለው ነው። ሙስታንግ ቱ ከ1974 እስከ 1978 የተሠራች፣ ከፎርድ ፒንቶ ጋር የምትዛመድ ትንሽ መኪና ናት። የፊት እግሯ ጠባብ ቦታ ስለሚይዝና መሪዋ ራክ ኤንድ ፒኒየን ስለሆነ፣ ዛሬ በእሷ አምሳል የሚሠሩ እግሮች በየዓይነቱ የድሮ መኪና ላይ ይበየዳሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ግንቦቹ ተቆርጠው ስለሚወጡ ሰፊ ሞተር ይገባል። ፎርድ ለ2011 ሙስታንግ ያወጣው 5 ሊትር ኮዮቴ ሞተር ራሱ ሰፊ ነውና፣ የ1965 ሙስታንግ ግንቦች መካከል እንዳሉ አይገባም።

ጉዳቱስ? ግንቡ የፊቱን ክብደት ተሸክሞ የሚኖር አካል መሆኑን ቀደም ብለን አይተናል። እሱ ሲቆረጥ ሸክሙ ሁሉ ከታች ወዳሉት የሻንሲ ብረቶች ይዞራል። ብረቶቹ ደግሞ የተሠሩት ሸክሙን ከግንቡ ጋር ተጋርተው እንዲሸከሙ ነው። ስለዚህ ሻንሲው መጠናከር አለበት፤ ብየዳው መኪናዋ በልኬት ጠረጴዛ ላይ ታስራ መሠራት አለበት፤ ጥቂት ሚሊሜትር ከተዛነፈ የትኛውም አላይመንት አያቃናውም። ከተቆረጠ ደግሞ መመለሻ የለውም። በፋብሪካው የ271 ፈረስ ጉልበት ባለ 289 ሞተር የወጣች ኬ ኮድ ሙስታንግ ያለው ሰው ግንቡን ቢቆርጥ የመኪናዋን ዋጋ አብሮ ቆረጠ ማለት ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ሰፊ ሞተር ካላስገባችሁ በቀር ግንቡን አትቁረጡ። ለመንዳት ብቻ ከሆነ በቦታው ያለው እግር፣ ጂኦሜትሪው ተስተካክሎ፣ የሚፈለገውን ይሰጣል።

መሪውም ላይ ተመሳሳይ ፈተና አለ። የድሮውን የመሪ ሳጥን አውጥቶ ራክ ኤንድ ፒኒየን ማስገባት ብዙ ሰው ይማርከዋል። ነገር ግን የመሪው ዘንግ የሚወዛወዝበት ነጥብ ከብራቾዎቹ ነጥብ ጋር ካልተስማማ፣ እግሩ ወደ ላይና ወደ ታች ባለ ቁጥር ጎማው ሳይታዘዝ ራሱ ይታጠፋል። ጉድጓድ በመታችሁ ቁጥር መሪው ከእጃችሁ ይሸሻል። የመታጠፊያዋ ክብም ብዙ ጊዜ ይሰፋል። ደህና ሆኖ የታደሰ፣ ምጣኔው 16 ለ 1 የሆነ የመሪ ሳጥን ከአዲስ ቴስቲና ጋር ለመንገድ ይበቃል።

ሌላ መኪና ያላችሁ አድማጮችም ይህን ያዙ፤ የአንዷ መኪና መድኃኒት ለሌላዋ አይሆንም። የ1967 ሸቭሮሌ ካማሮ ሞላዋ የታችኛው ብራቾ ላይ ነው፤ የፊት ሻንሲዋም በቡሎን የሚፈታ ነው፤ ስለዚህ የተሻለ ጂኦሜትሪ ያለው የፊት ሻንሲ እንዳለ ይለወጥላታል። የዚያ ዘመን ዶጅና ፕሊመዝ ደግሞ ፊታቸው ላይ ጠምዛዛ ሞላ ጨርሶ የላቸውም፤ ሸክሙን የሚይዘው ርዝመቱን ተከትሎ የሚጠማዘዝ የብረት ዘንግ ነው። አዲስ አበባ ብዙ ዘመን ያገለገለችው ቮልስዋገን ቢትልም ፊቷ የሚሠራው በሚጠማዘዝ ብረት ነው፤ የእሷ ግን ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ ነው። ዶጅ ላይ ማጠንከር ሲፈለግ ወፍራም ዘንግ ይገባል፤ ቁመቷም በአንድ ቡሎን ይስተካከላል።

የመጨረሻው ነገር ጥንቃቄ ነው። በኢንች 600 ፓውንድ የሚፈልግ ሞላ አራት ኢንች ተጨምቆ ሲቀመጥ 2,400 ፓውንድ፣ ማለትም ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ ኃይል ታምቆበታል። ትክክለኛው የሞላ መጨመቂያ መሣሪያ ሳይታሰር ብራቾ አይፈታም። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተደግፋ ማንም ከሥሯ አይገባም፤ መቆሚያ ይግባላት።

ቅደም ተከተሉን ልድገመው፤ እርሳስ ያላችሁ ጻፉት። አንደኛ፣ የመኪናዋን አገልግሎት ወስኑ። ሁለተኛ፣ ግንቡንና የተበላውን ሁሉ መርምራችሁ ጠግኑ። ሦስተኛ፣ የላይኛውን ብራቾ አንድ ኢንች አውርዳችሁ ለዛሬ ጎማ የሚሆን አላይመንት አሠሩ። አራተኛ፣ ሞላን፣ አሞርዛተርንና የ1 ኢንች ስታቢላይዘርን አዋድዳችሁ ግዙ። ከዚህ በኋላ ጥቂት ጊዜ ንዱአት። ሙሉ እግር መለወጥ የሚታሰበው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ብዙዎቻችሁ እዚያ መድረስ እንደማያስፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ።

ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱም ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ይህ ዕቃ ኩርባ ላይ የጎማዬን ካምበር ምን ያደርገዋል?» በሉት። በቁጥር የሚመልስላችሁ ከሆነ ተነጋገሩ። ስለ ቀለሙና ስለ ማብረቅረቁ ብቻ ካወራላችሁ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ወደ ኋላው እግር ዞረን ስለ ባሌስትራ እናወጋለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ፤ ደህና ንዱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)